ኖራን ውሃ ከማጠጣት እስከ ግድግዳ መቀባት፦ የአሠራር መመሪያ ከነምክንያቱ

በኖራ የተቀባ ግድግዳ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲነኩት እየተራገፈ እጅና ልብስ የሚያነጣ ከሆነ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የኖራው ሳይሆን የአቀባቡ ነው። ኖራ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ደርቆ የሚቀር ቀለም አይደለም፤ ግድግዳው ላይ ሆኖ ከአየር ጋር ኬሚካዊ ለውጥ እያካሄደ ወደ ድንጋይነት የሚመለስ ውህድ ነው። ለውጡ እንዲሳካ እርጥበት፣ አየርና ጊዜ ያስፈልጉታል፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል የሚተርፈው ልል ዱቄት ብቻ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ኖራን ውሃ ከማጠጣት ጀምሮ ግድግዳው እስኪጠነክር ድረስ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል ያሳያል። እያንዳንዱ እርምጃ የሚደረግበት ምክንያትም አብሮ ተገልጿል፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ኖራው፣ ግድግዳው ወይም የአየሩ ጠባይ ቢለይበት እንኳ ሥራውን እንደ ሁኔታው ማስተካከል ይችላልና።

ኖራ የሚያልፍባቸው ሦስት ለውጦች

የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል በውስጡ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ካልሲየም ኦክሳይድ፣ ማለትም የተቃጠለ ኖራ፣ ይቀራል። የክብደቱ ሒሳብ ግልጽ ነው፦ 100 ኪሎ ግራም ንጹሕ ድንጋይ 56 ኪሎ ግራም የተቃጠለ ኖራ ይሰጣል፤ የቀረው 44 ኪሎ ግራም ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። ይኸው 56 ኪሎ ግራም ኖራ 18 ኪሎ ግራም ውሃ ሲጠጣ 74 ኪሎ ግራም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላ ደግሞ ያንኑ 44 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር መልሶ ወስዶና 18 ኪሎ ግራሙን ውሃ ለቆ እንደገና 100 ኪሎ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል።

ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ጆሴፍ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1750ዎቹ ይህን የክብደት መቀነስና መጨመር በሚዛን እየተከታተለ፣ ከድንጋዩ የሚወጣው ጋዝ ከተራው አየር የተለየ መሆኑን አሳይቷል። ካልሲየም ከኦክስጅን ጋር ያለው ትስስር እጅግ የጠበቀ በመሆኑ ኖራ ራሱ ለረጅም ጊዜ እንደ ንጥረ ነገር ሲቆጠር ኖሯል፤ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ብረታማውን ካልሲየም በኤሌክትሪክ ኃይል ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1808 ነው።

ቀቢው ከዚህ ሒሳብ ሊይዘው የሚገባው የመጨረሻውን ለውጥ ነው። 74 የነበረው ክብደት 100 ሲሆን ከአንድ ሦስተኛ በላይ አዲስ ቁስ ከአየር ገብቷል ማለት ነው፤ የኖራውን ቅንጣቶች እርስ በርሳቸውና ከግድግዳው ጋር የሚያያይዘውም በክፍተቶቹ መካከል እያደገ የሚሄደው የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታል ነው።

ከሥራው በፊት፦ ዓይን፣ ቆዳና ዕቃ

ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሞላበት ውሃ ፒኤቹ (የአሲድነትና የተቃራኒው የአልካሊነት መለኪያ) 12.4 ገደማ ነው፤ ይህ ቆዳን ለማቁሰል፣ ዓይንን ደግሞ ለዘለቄታው ለመጉዳት የሚበቃ ነው። የተቃጠለው ኖራ ደግሞ ከላብ ወይም ከእንባ ጋር ሲገናኝ ሙቀትም ስለሚያወጣ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር፣ የጎማ ጓንት፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና ሽፍን ጫማ ያድርጉ፤ ዱቄቱን ሲገለብጡም አፍንጫና አፍዎን ይሸፍኑ። ሥራው ያለበትን ቦታ ልጆችና እንስሳት እንዳይደርሱበት አድርገው ይለዩ።

ደረቅ ዱቄት ቆዳ ላይ ካረፈ መጀመሪያ ያራግፉትና ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ሽፋሽፍቱን ገልጠው ሳያቋርጡ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ይጠቡና ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ። አሲድ ኖራን ያረክሳል በሚል ግምት ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ዓይን ውስጥ መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል። ንጹሕ ውሃ የሞላ ዕቃ ከሥራው በፊት አጠገብዎ ይቀመጥ፤ ከአደጋው በኋላ ውሃ ፍለጋ መሄድ ውድ ደቂቃዎችን ያባክናል።

የዕቃ ምርጫም የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው። አሉሚኒየም ከካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይበላል፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝም ያወጣል፤ በአረፋ የተሞላ ቀላል የግንባታ ብሎክ በሚሠራበት ፋብሪካ ኖራና የአሉሚኒየም ዱቄት አብረው የሚገቡት ለዚሁ ጋዝ ሲባል ነው። ዚንክ የተለበጠ ባልዲም ቀስ እያለ ይጠቃል። ለተቃጠለው ኖራ ወፍራም የብረት በርሜል፣ ውሃ ለጠጣው ደግሞ ጠንካራ የፕላስቲክ ባልዲ ይስማማል።

አንደኛ፦ ነጩ ዱቄት ምን እንደሆነ ማረጋገጥ

ኖራ፣ ጀሶና የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በመልክ አንድ ናቸው፣ ሲሠራባቸው ግን ፈጽሞ አይገናኙም። ጽሑፉ የጠፋ ከረጢት ከገጠመዎት በትንሽ ናሙና ሦስት ሙከራዎችን ያድርጉ።

በመጀመሪያ አንድ ማንኪያ ያህሉን በብረት ጣሳ ውስጥ በጥቂት ውሃ ላይ ጨምረው ከራቅ ያለ ቦታ ይመልከቱ። በደቂቃዎች ውስጥ ሞቆ እንፋሎት ካወጣ የተቃጠለ ኖራ ነው። ካልሞቀ ሌላ ናሙና በውሃ አሽተው እንደ ወፍራም ሊጥ ሲሆን ያቆዩት፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ከጠነከረ ጀሶ ነው፤ ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ሲሆን የሚጠነክረው ውሃን ራሱን በክሪስታሉ ውስጥ በማሰር እንጂ ከአየር ጋዝ በመውሰድ አይደለም። ለሰዓታት ለስላሳ ሆኖ ከቆየ ውሃ የጠጣ ኖራ ወይም የተፈጨ ድንጋይ ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚለየው ኮምጣጤ ነው፦ ጥቂት ጠብታ ሲያፈሱበት ብዙ አረፋ የሚያወጣው አስቀድሞ ካርቦኔት የሆነው ነው። ደህና ኖራ ጥቂት ቢያረፋ አያስገርምም፤ በኃይል የሚያረፋ ኖራ ግን ከረጢቱ ውስጥ እያለ ከአየር ጋር ሥራውን ጨርሷልና ለቅብ አይሆንም። ብዙ የተበላሹ ቅቦች የሚጀምሩት በዚህ በሞተ ኖራ በመሆኑ ሙከራው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ የሚቆጭ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ኖራውን ውሃ ማጠጣት

ዱቄት ሆኖ በከረጢት የሚመጣው ኖራ አስቀድሞ ውሃ የጠጣ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ባልዲ ውስጥ በመጀመሪያ ውሃ ያድርጉ፣ ከዚያም ዱቄቱን በክብደት ከውሃው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ቀስ እያሉ እየበተኑ ያማስሉት፤ የተገኘውን ወፍራም ኖራ ጥቂት ውሃ ከላይ አድርገውበት ቢያንስ ለአንድ ቀን ያሳድሩት። ማሳደሩ እንዲያው ልማድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በከረጢት ውስጥ የተጣበቁት ቅንጣቶች ተለያይተው ውሃ በመካከላቸው የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው።

የተቃጠለው ኖራ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ካልሲየም ኦክሳይድ ውሃ ሲጠጣ በአንድ ኪሎ ግራም ከ1100 ኪሎ ጁል በላይ ሙቀት ያወጣል፤ ይህ ሙቀት ሦስት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ የሚተርፍ ነው። ሒሳቡ ለአንድ ኪሎ ግራም ኖራ ሲሶ ሊትር ያህል ውሃ ብቻ ቢጠይቅም፣ በተግባር ግን በክብደት ሦስት እጥፍ ውሃ ያዘጋጁ፤ ከፊሉ ተንኖ ይጠፋል፣ ከፊሉ ሙቀቱን ይሸከማል፣ የቀረው ደግሞ ኖራውን ያለሰልሳል።

ዋናው ደንብ ይህ ነው፦ ኖራውን ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን በኖራው ላይ አያፍስሱ። ጥቂት ውሃ በብዙ ኖራ ላይ ሲፈስ የነካው ቦታ በቅጽበት ከመፍላቱ የተነሳ የሚያቃጥል ኖራ ወደ ፊት ይፈናጠራል፤ ውሃ ያልበቃው ክፍል ደግሞ ከመጠን በላይ ሞቆ ሻካራ ቅንጣት ይሆናል፣ ይህም በኋላ ቢያሹት አይለሰልስም። በርሜሉን ከግማሽ በታች በውሃ ይሙሉ፣ የኖራውን ቁርጥራጭ በረጅም እጀታ አካፋ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፣ እያንዳንዱ ዙር መንተክተኩን ቀነስ ሲያደርግ ቀጣዩን ያስከትሉ። በረጅም እንጨት ወይም ብረት ያማስሉ፤ ፊትዎን ከበርሜሉ አፍ በላይ አያድርጉ። ኖራው ሁልጊዜ ከውሃ በታች መሆን አለበት፤ ብቅ ካለ ውሃ ይጨምሩ። መጠኑ በእጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚያብጥ ለዚያ የሚሆን ቦታ ይተዉ፣ በርሜሉንም እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፈጽሞ አይክደኑ፤ የታፈነ እንፋሎት ክዳኑን ያፈነዳል።

ሦስተኛ፦ ማጥለልና ማቆየት

ሲቀዘቅዝ ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ወንፊት ያጥሉት። ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ጠጠር ሁለት ዓይነት ነው፦ እሳቱ ያልደረሰበት ድንጋይና ከልክ በላይ የተቃጠለ ኖራ። የመጀመሪያው ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ግን አታላይ ነው፤ ውሃ የሚጠጣው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ወንፊቱን ያመለጠው ብናኝ ግድግዳው ላይ ከተቀባ ከሳምንታት በኋላ አብጦ ቅቡን በትናንሹ እየፈነቀለ ያወጣዋል። ኖራን ለረጅም ጊዜ ከውሃ በታች ማቆየት ያስፈለገው አንዱም ለዚህ ነው፤ ዘግይቶ የሚያብጠው ግድግዳው ላይ ሳይሆን በርሜሉ ውስጥ ሥራውን ይጨርስ። ሁለት ሳምንት ዝቅተኛው ነው፤ ወራት ቢቆይ ክሪስታሎቹ እየደቀቁ ስለሚሄዱ ይበልጥ ልስልስና የሚይዝ ይሆናል። ጥቂት ጣት ያህል ውሃ ከላዩ ካልተለየውና ክዳኑ ከገጠመ ለዓመታትም አይበላሽም።

ከላይ ጠልሎ የሚታየው ጥርት ያለ ፈሳሽ የኖራ ውሃ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትሩ የሚይዘው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ 1.7 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ፣ ከብዙዎቹ ጨዎች በተቃራኒ፣ የሚሟሟው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ኖራ ለማሟሟት ብሎ ውሃ ማሞቅ ከንቱ ድካም ነው። በፈሳሹ ገጽ ላይ የሚጋገረው ስስ ቅርፊት ከአየር ጋር ተገናኝቶ ካርቦኔት የሆነ ኖራ ስለሆነ ቅብ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ገፍፈው ያውጡት።

አራተኛ፦ ግድግዳውን ማዘጋጀት

የኖራ ቅብ የሚይዘው ውሃ በሚመጥ ገጽ ላይ ነው፤ ድንጋይ፣ ሸክላ ጡብ፣ የጭቃ ምርጊትና የኖራ ልስን ከሁሉ ይመቹታል። የሲሚንቶ ልስን ሻካራ ከሆነ ይቀበላል። በዘይት ቀለም ወይም በፕላስቲክ ቀለም የተሸፈነ ግድግዳ ግን ኖራው የሚገባበት ቀዳዳ ስለሌለው ቀለሙ ሳይፋቅ መቀባቱ ልፋት ነው። ለመለየት ውሃ ይርጩበት፤ ውሃው ተንጠባጥቦ ከወረደ ግድግዳው አይመጥም፣ ከጠቆረና ከጠጣው ግን ይመጥጣል።

አቧራውንና የላላውን አሮጌ ቅብ በጠንካራ ብሩሽ ያርግፉ፤ ስንጥቁን በኖራና በአሸዋ ይድፈኑ። ከዚያ የሚቀባውን ክፍል ውሃ በመርጫ እየረጩ ያርጥቡት። ደረቅ ግድግዳ ከቅቡ ውስጥ ውሃውን በቅጽበት መጥጦ ኖራውን ባዶ ዱቄት አድርጎ ያስቀረዋል፤ በተቃራኒው ውሃ የሚያብረቀርቅበት ግድግዳ ቀዳዳው ሁሉ ስለተደፈነ ኖራውን አይቀበልም። የሚፈለገው ጨለም ያለ፣ በእጅ ሲነካ የሚቀዘቅዝ፣ ውሃ ግን የማይወርድበት ገጽ ነው።

አምስተኛ፦ ቅቡን ማቅጠንና ማቅለም

ወፍራሙን ኖራ በውሃ እያማሰሉ እንደ ወተት እስኪቀጥን ድረስ ያቅጥኑት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰስታል፤ ቅቡ ግድግዳውን በአንድ ጊዜ የሚሸፍን ካልመሰለው ያወፍረዋል። ወፍራም ቅብ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከውጭ በኩል ያለው ቆዳ ቀድሞ ስለሚጠነክርም ጋዙ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ይቸገራል፤ ከዚያ እንደ ቅርፊት ይላጣል።

ነጭ ያልሆነ ቀለም ከተፈለገ የኖራውን ኃይለኛ አልካሊ የሚቋቋም የቀለም ዱቄት ያስፈልጋል። የብረት ኦክሳይዶች፣ ማለትም ቢጫው፣ ቀዩ፣ ቡናማውና ጥቁሩ፣ እንዲሁም አረንጓዴው ክሮሚየም ኦክሳይድ አይነኩም፤ የፕሩሺያ ሰማያዊ የሚባለው ግን በኖራ ውስጥ ፈርሶ ሰማያዊነቱን ያጣል። ዱቄቱን አስቀድመው በጥቂት ውሃ ያሹት፣ መጠኑም ከኖራው ክብደት አንድ አሥረኛ አይብለጥ፤ ከበዛ የሚያያይዘው ኖራ ያንሰዋል። እርጥብ ቅብ ሲደርቅ እጅግ ስለሚፈዝ ቀለሙን በባልዲ ውስጥ እያዩ አይወስኑ፤ ትንሽ ቦታ ቀብተው ሲደርቅ ይመልከቱ።

ጨው መጨመር የቆየ ልማድ ነው። ጨው እርጥበት ስለሚይዝ ካርቦኔት የመሆኑን ሂደት ያግዛል፤ ይሁን እንጂ ጨዉ ወደ ግድግዳው ዘልቆ እየተሟሟና እየረጋ ልስኑን ይሰነጥቃል፣ በአቅራቢያው ያለውንም ብረት ያዝጋል። በውሃ መርጫ የሚገኘውን ጥቅም በጨው መፈለግ ለእኔ አይታየኝም። ለዝናብ በተጋለጠ ግድግዳ ላይ ግን ኖራው ገና ውሃ ሲጠጣና ሲሞቅ ጥቂት ሞራ መጨመር ምክንያት አለው፤ ስቡ ከካልሲየም ጋር ተዋህዶ በውሃ የማይሟሟ ሳሙና ስለሚሆን የዝናቡን ውሃ ይመልሳል።

ስድስተኛ፦ መቀባት

ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በላይ የሆነበት፣ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ደረቅ ነፋስና ዝናብ የሌለበት ጊዜ ይምረጡ፤ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ጥላ ሲያርፍበት ይቀቡ። ኖራው ባልዲው ግርጌ በፍጥነት ስለሚዘቅጥ ብሩሹን በነከሩ ቁጥር ያማስሉት። ሰፊ ብሩሽ ወስደው በየአቅጣጫው እያሹ ስስ አድርገው ይቀቡ። የመጀመሪያው ዙር የተቀባም አይመስልም፤ ግድግዳው በስሱ ይታያል፣ ሲደርቅ ግን ይነጣል። 24 ሰዓት ያቆዩት፣ እንደገና በስሱ ያርጥቡት፣ ሁለተኛውን ይቀቡ። እንዲህ እያሉ ከሦስት እስከ አምስት ዙር ያድርሱ።

ሰባተኛ፦ እርጥበቱን መጠበቅ

ብሩሹ ሲቀመጥ ሥራው አላለቀም። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህ ጥቂት ጋዝ መጀመሪያ በቅቡ ቀዳዳዎች ውስጥ ባለው ውሃ መሟሟት አለበት፣ ከካልሲየም ሃይድሮክሳይዱ ጋር የሚዋሃደውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ቅቡ ፈጽሞ ከደረቀ ለውጡ ይቆማል። ቀዳዳው በሙሉ በውሃ ከተሞላም እንዲሁ ይዘገያል፤ ጋዝ በውሃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዘው በብዙ ሺህ እጥፍ በዝግታ ነውና። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋትና ማታ በስሱ ውሃ ይርጩ፣ በመካከሉም ነፋስ እንዲያገኘው ይተዉት፤ ክፍል ውስጥ ከሆነ መስኮቱን ይክፈቱ።

የደረሰበትን ደረጃ ለማወቅ ፌኖልፍታሊን የተባለው አመልካች ፈሳሽ ይጠቅማል፦ ጠብታው የነካው ቦታ ደማቅ ሮዝ ከሆነ ገና ያልተለወጠ ኖራ አለ፣ ቀለም ካላወጣ እዚያ ያለው ወደ ካርቦኔት ተመልሷል። ካልተገኘ በጥቁር ጨርቅ ማሸት ይበቃል፤ ጨርቁን የሚያነጣ ቅብ ገና አልጠነከረም። ግድግዳው ከጠነከረ በኋላ በአሲድ የተሠራ ማጽጃ አይንካው፤ ናሙናውን ያረፋው ኮምጣጤ ቅቡንም ይበላዋል።

የተረፈው ኖራና የኖራው ውሃ

ጥርት ካለው የኖራ ውሃ በብርጭቆ ቀድተው በስትሮ ትንፋሽ ቢነፉበት (በፍጹም ወደ አፍ ሳይስቡ፣ መነጽር አድርገው) ወዲያው ይደፈርሳል። ግድግዳው ላይ በሳምንታት የሚሆነው ለውጥ እዚህ በዓይን ይታያል። መንፋቱ ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ ድፍርሱ እንደገና ይጠራል፤ ካርቦኔቱ በውሃ ወደሚሟሟው ካልሲየም ባይካርቦኔት ተለውጧልና። ይህን ቢያፈሉት ነጩ ዝቃጭ ይመለሳል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው።

የተረፈ ኖራ የአፈርን አሲድነት ለማርከስም ያገለግላል፤ በክብደት ሲወዳደር ከተፈጨ የኖራ ድንጋይ 1.35 እጥፍ ያረክሳል፤ ስለሆነም መጠኑን መቀነስ ያስፈልጋል። አሞኒየም ካለበት ማዳበሪያ ጋር ግን አይቀላቅሉት፤ አልካሊው አሞኒየሙን ወደ አሞኒያ ጋዝ ስለሚለውጠው ናይትሮጅኑ እየሸተተ አየር ላይ ይጠፋል።

ብሩሽና ባልዲውን ሳይደርቅባቸው በውሃ ይጠቡ፤ አንዴ ካርቦኔት የሆነ ኖራ በውሃ አይለቅም፣ በኮምጣጤ ነክረው አረፋው እስኪያቆም መጠበቅ ይኖርብዎታል። የዕጥበቱን ውሃ ወደ ቧንቧ መስመር አይድፉት፤ እዚያም ቢሆን ኖራው ድንጋይ መሆኑን አይተውምና ቧንቧውን ይደፍናል። በባልዲ አጥልለው ዝቃጩን ከሚቀጥለው ቅብ ጋር ይመልሱት።